ፊልሙን የያዘው ጣት

ማናልሞሽ አማን ከተማ ውስጥ በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ራጅ ታነሳ ነበር። እኔ እዚያው ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ ጎረቤቷም ነኝ። ለበሽተኛ የምትሆነው መሆን ያናድደኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም ያናድደኛል። ከሸዋ ቤንች ጉንጫቸው አብጦ የሚመጡ አዛውንቶች አፋቸው ውስጥ የሚገባውን ፊልም በምላሳቸው ይገፉታል። የፊልሙ መያዣ ከተሰበረ ቆይቷል፤ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ጥበቡ ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ እሷ አመልካች ጣቷን ከትታ ፊልሙን ትደግፍና በሌላው እጇ ቁልፉን ትጫናለች።

“አይዞዎት አባባ፣ አለቀ” ትላለች።

ጣቷ እየደረቀ፣ ጥፍሯ እየጠቆረ ሲሄድ፣ ፊልም የምታጥብበት ኬሚካል ነው ብላ ቫዝሊን ትቀባዋለች። በኋላ ጫፉ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣ።

ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ እንድርያስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ለሁለተኛ ዲግሪው መመረቂያ የጥርስ ራጅን በኮምፒውተር ያጠናል። ማሽንም በሽተኛም የለም፣ መንጋጋውም ጨረሩም በሒሳብ የተፈጠሩ ናቸው። ጨረሩን እየቀነሰ ምስሉ መበላሸት የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ ያያል። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ ጠራን።

“ይኸው እትዬ፣ ጨረሩ በግማሽ ቢቀንስም የተበላው ጥርስ በደንብ ይታያል። በሽተኛው በከንቱ አይጎዳም።”

“ጎሽ። እኔስ የት ነኝ?”

“አንቺማ ከግድግዳው ጀርባ ነሻ።”

“ኧረ እዚህ ነኝ” ብላ ያን ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ከጥርሱ አጠገብ አሳረፈችው።

እንድርያስ ጣቷን ይዞ አገላብጦ አየው። ስንት ዓመት ከዚያ እጅ ሲጎርስ አስተውሎት አያውቅም።

“ሁልጊዜ ነው የምትይዢው?”

“ፊልሙ እምቢ ላላቸው ሁሉ ነዋ።”

በሳምንቱ ጣቷን በሒሳብ ሠርቶ መንጋጋው ውስጥ አስገባው። ጣቷ በእነዚያ ዓመታት የተቀበለውን የጨረር መጠን ሊነግራት አልደፈረም፤ ጅማ ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ ብቻ አላት። ሐኪሞቹ ካንሰር ነው ብለው ጣቷን ቆረጡት። ዶክተር ጥበቡ ይህን ሲሰሙ አዲስ መያዣ ከአዲስ አበባ በመኪና አስላኩ። ወዲያው ደረሰ፤ ለካ እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል።

ስትመለስ ልጠይቃት ሄድኩ። እንድርያስ ሳሎን ተቀምጦ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ጣቷ መንጋጋው ውስጥ አለ፣ ጨረሩ ይወርድበታል። ማናልሞሽ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ስታየው ቆየች።

“አሁንም ትመታዋለህ?” አለችው።

“ሒሳብ ነው እኮ እትዬ።”

“ይሁን። አውጣው በቃ፣ ይረፍ።”

አጠፋላት። እሷም ወደ ጓዳ ገባች። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እንድርያስ ግን ጥናቱ አሁን ፊልሙን ስለሚይዘው እጅም ስለሆነ፣ ያለዚያ ጣት መመረቂያው እንደማይሞላ ያውቃል። የጓዳውን በር ቀስ ብሎ ገርበብ አደረገና ጣቱን መልሶ መንጋጋው ውስጥ አስገባው።