የማይኩ ቁልፍ ያልተመለሰበት ጧት

ከጧቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ምን እንደምታደርግ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሻሿን አስራ፣ የሟች ባሏን ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፈቃድ ወረቀት አንዴ ቀና ብላ ታያለች። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍታ፣ መዝገቧን ገልጣ፣ የሬዲዮ ክበቡን አባላት አንድ በአንድ መጥራት ነው።

«ልብስ ሰፊ፣ አለህ?»

«አለሁ እትዬ።»

«መምህር፣ አሉ?»

«እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ነው የሌለው።»

«ወፍጮ ቤት?»

«አለሁ፣ አለሁ፤ ሞተሩን ላጥፋው፣ አልሰማሽም!»

«ፓምፕ ቤት?»

«አለሁ እህት ዓለም። ነጭ ነው።»

ይህ የመጨረሻው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከወንዙ ላይኛው ክፍል የውሃ ፓምፕ ይጠብቃል። በፓምፕ ቤቱ ግንብ ላይ ሦስት መስመር በቀለም ተስሏል፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ውሃው ነጩ ጋ ከሆነ ሁሉም ሰላም ነው። ቢጫውን ከነካ የታችኛው ዳርቻ ሰዎች ዕቃቸውን ይቋጥራሉ። ቀዩን ከነካ ደግሞ ዕቃ የለም፣ ምን የለም፤ ልጅን አንጠልጥሎ ወደ ላይ መሮጥ ነው። ከፓምፕ ቤቱ እስከ ታችኛው ዳርቻ ውሃው የአንድ ሰዓት መንገድ አለው። ያቺን አንድ ሰዓት ለሰው ማድረስ ነበር የክበቡ ትልቁ ሥራ።

ሌላም ሥራ ነበራቸው። የሩጫ ውድድር ሲኖር በየመታጠፊያው ቆመው የደከመ ሯጭ ሲያዩ በሬዲዮ ይናገራሉ። የልብስ ሰፊው አክስት መንገድ ጠፍቷት መናኸሪያ ለመናኸሪያ ስትዞር የዋለች ጊዜ፣ በሬዲዮ ተጠራርተው ያገኟት እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይኛው ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ለፈለገ ሁሉ ያስተምራሉ። ሰው ግን ክበቡን የሚያውቀው በእሷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ የኖረች ናትና ድምጿ አይረሳም። «እትዬ ጣቢያ» ይሏታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ማይኩ የባሏ ነበር። ሲናገሩበት ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ነው፤ ሲለቁት ይመለሳል፣ ያኔ ሌላው ሲናገር ይሰማል። ይህ ቁልፍ ግን ካረጀ ወዲህ መመለስ ይሰንፍ ጀመር።

«እትዬ፣ ስጪኝና የቁልፉን ሞላ ልቀይርልሽ» ይላት ነበር ልብስ ሰፊው።

«ተወው፣ እጄን ያውቀዋል።»

«እጅሽን ቢያውቅም አርጅቷል እኮ።»

«ማን? እጄ?»

«ኧረ ማይኩ! ማይኩን ነው ያልኩት!»

ስቃ ታሳልፈዋለች። ጣሪያዋ ደግሞ ያፈሳል። ሬዲዮውን ላስቲክ አለበሰችው፤ ላስቲኩ ለዓይኗ ሲያስጠላት በላዩ ላይ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል ጣል አደረገች። የዳንቴሉ ጫፍ ወደ ፊት ወርዶ፣ የማይኩ ቁልፍ ሲጫን የምትበራውን ትንሿን መብራት እንደጋረደ ልብ አላለችም።

ያን ሰሞን ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራም። ልጇ አራስ ነበረች፤ ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ቤቷ ታችኛው ዳርቻ፣ ባሏ ሹፌር ነውና መንገድ ላይ። እናት በዋዜማው ሄዳ ለምናታለች።

«ተነሺ እኔ ቤት ውጪ፣ በሞቴ።»

«ያንቺ ቤት ያፈሳል እማዬ። ውሃ ፈርቼ ውሃ ውስጥ ልተኛ?»

ምን ትበል? ትንሿን የሬዲዮ መስሚያ ትታላት ተመለሰች። መስሚያዋ መናገር አትችልም፣ መስማት ብቻ ነው። «ጧት ጧት ድምፅሽን ልስማ» ነበር ያለቻት ልጅቱ።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ተቀመጠች። «ልብስ ሰፊ፣ አለህ?» አለችና ቁልፉን ለቀቀች።

ዝም።

«ልብስ ሰፊ?»

ዝም። ሳይነሳ ቀርቶ ይሆናል ብላ አለፈችው። «መምህር፣ አሉ?» ዝም። እኚህ ሰው እንኳን ተጠርተው ሳይጠሩም ይመልሳሉ። «ወፍጮ ቤት?» ዝም። የምትፈራውን ስም መጨረሻ ላይ ነበር የምትጠራው፤ ያን ቀን ጨርሶ ልትጠራው አልደፈረችም። ተነሥታ በመስኮት አንቴናውን አየችው። ቆሟል። ሬዲዮውን በመዳፏ ነካችው። ሞቋል። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ፓምፕ ቤት። ወንድሜ፣ አለህ?»

ሬዲዮው እንኳን የሰው ድምፅ፣ የወትሮውን ሹሹታም አላሰማም። ይህን ዓይነት ዝምታ በዕድሜዋ አታውቀውም። ውሃው ወንድሟን ወስዶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ የአራሷ ልጇ አልጋ ሥር ሲገባ ታያት። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ብቻዋን የሆነች መስሏት ከራሷ ጋር ማውራት ያዘች።

«በላው። ውሃው ወንድሜን በላው። እኔስ ምን ብዬ ነው አራስ ልጄን ከወንዝ አፍ ላይ ትቻት ያደርኩት? ጎትቼ አላመጣትም? ወይኔ ልጄን!»

እንባዋ መጣ። ለማንም ነግራው የማታውቀው ነገርም አብሮ ወጣ።

«እነሱ ጎበዝ ናት ይሉኛል። እኔ ፈሪ ነኝ። ባሌ በዚህ ወንበር ላይ ሞቶ ጓደኞቹ በሬዲዮ ስሙን ሲጠሩ፣ እኔ ጓዳ ልብስ አጥባለሁ። ‹ሰውዬ፣ መልስላቸው እንጂ› እያልኩ እጮህበታለሁ። ሞቶ! ከዚያ ወዲህ ነው ጧት ጧት የምጠራችሁ። ሰው ሳይመልስ ሲቀር መቆም አልችልም። አሁን ማን ይመልስልኝ? ኧረ ማን ይመልስልኝ?»

በሩ ተደበደበ። ስትከፍተው ልብስ ሰፊው ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ትንፋሹ የተቆረጠ። ሞተ ያለችው ሰው ቆሞ ስታየው ጮኸች።

«ማይኩን! እትዬ፣ ማይኩን ልቀቂው!»

«መቼ ያዝኩት?»

አልፏት ገባና ዳንቴሉን ገለበጠው። ትንሿ መብራት በርታለች። ለካ ቁልፉ ተጭኖ ቀርቷል፤ ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ እሷ ስታወራ ነው የቆየችው፣ አንድ ሰው በሚናገርበት መስመር ላይ ደግሞ ሌላው መናገር አይችልም። ልብስ ሰፊው ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ መርፌውን ነቅሎ ቁልፉን ከሥር ፈነቀለው። ሬዲዮው ሹሹታውን ጀመረ፣ ከዚያ የወንድሟ ድምፅ መጣ፤ ከመጮህ ብዛት ሻክሯል።

«…ነው! ቀይ ነው! ኧረ በፈጣሪ አንድ ሰው ይስማኝ፣ ቀይ ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«አንቺ ‹ልብስ ሰፊ› ካልሽ ጀምሮ።»

ሰዓቱን አየችው። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት። ከዚያች አንዲት ሰዓት ላይ ሃያ አምስቱን ደቂቃ የወሰደችው እሷ ናት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማይኩን አነሣች።

«ወፍጮ ቤት!» አለች። ልብስ ሰፊው ቁልፉን በመርፌ አነሣው።

«ሰማሁ! ወጣሁ!» ባለወፍጮው የማስጠንቀቂያውን ብረት ሲቀጠቅጠው በሬዲዮ ይሰማ ነበር።

እንዲህ ሆነው ቆዩ፤ እሷ ትጫናለች፣ እሱ በመርፌ ያነሣል። ባለወፍጮው የእጅ ሬዲዮውን ይዞ በታችኛው ዳርቻ ቤት ለቤት ሲዞር ይነግራታል። አናጢው ወጥቷል። አሮጊቷን በጀርባ አዝለዋታል። ጠርዙ ላይ ያሉት ሦስቱ ቤቶች ባዶ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ድምፁ ተለወጠ።

«እትዬ፣ የልጅሽ በር ተቆልፏል። ብደበድብ የሚመልስ የለም።»

«ተኝታ ነው! አራስ ናት፣ ደክሟት ነው፣ ስበረው!»

የሚሰነጠቅ እንጨት ድምፅ። ከዚያ የውሃ ድምፅ።

«አልጋው ባዶ ነው። ሕፃኑም የለም። ጉልበቴ ጋ ደርሷል፣ እኔም መውጣቴ ነው።»

ብድግ አለች። ልብስ ሰፊው ክንዷን አልያዘም፤ ዓይን ዓይኗን ብቻ አየ። መስመር የሚመራ ሰው መስመሩን ጥሎ አይሄድም፤ ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ተመልሳ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ መስመሩን ለእሷ ትተውላት ነው። ዝምታው ግን ያው ዝምታ ነው፤ የሚለይበት ነገር የለውም። ልጇን በሕፃንነቷ ያጠበችባትን ጎድጓዳ ሳህን አስታወሰች። ለምን እሷን እንዳስታወሰች እንጃ። ሰዓቱ ሁለትን አለፈ።

«ጣቢያ፣ መምህር ነኝ» አለ አንድ ድምፅ። «ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አንድ ጎረምሳ አግኝቻለሁ። የአሥራ ሁለት ቀን ይሆነዋል። ‹አያትህ ማናት?› ብለው አለቀሰ።»

ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ከወዲያ የልጇ ድምፅ ተተካ።

«እማዬ፣ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። አባባ ሲሞት እንኳ አላለቀስሽም። ስለዚህ ምንም አልጠየቅኩም፣ አንሥቼው ወጣሁ።»

ውሃው የልጅቱን ቤት እስከ መስኮቱ ሞላው። ወፍጮውን ጭቃ ቀበረው። አንድም ሰው ግን አልሞተም። እሷ ይህን አስባ የምትጽናና አልሆነችም፤ ልጇ በሯን ቆልፋ ተኝታ ባትሰማትስ ኖሮ? ሕፃኑ አልቅሶ የሬዲዮውን ድምፅ ቢውጥባትስ? ቅዳሜ ዕለት ማይኩንና መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልላ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ሌላ ሰው ይምራ። ሃያ አምስት ደቂቃ አፋችሁን አፍኜ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ አርባ ዓመት ተማሪ ሳፍን ኖሬያለሁ፣ ማንም አላባረረኝም» አሉ መምህሩ። የሳቀ ግን የለም።

ወንድሟ ከፓምፕ ቤት ወርዶ መጥቶ ነበር። መዝገቡን ከላስቲኩ አወጣና ከሁሉም ስም በታች በተንጋደደ ጽሕፈቱ አንድ ቃል ጨመረ፤ «ጣቢያ»።

«ይህን ሁሉ ዓመት አንቺን የጠራሽ የለም» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ የምጠራሽ እኔ ነኝ።»

ማይኩ ተቀየረ። ዳንቴሉ ወደ ሣጥን ገባ፤ ላስቲኩ እንዳስጠላ ቀረ። እሷም እየፈራች ተመለሰች። ጧት ጧት አንድ ስም በጠራች ቁጥር አውራ ጣቷን አንሥታ ቁልፉን ታየዋለች፣ መብራቷ መጥፋቷን ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትተነፍሰው። ሁሉም ከመለሱ በኋላ ወንድሟ «ነጭ ነው» ይልና ትንሽ ያርፋል። በዚያች ዕረፍት ውስጥ ወንበሩ ከሥሯ ይቀዘቅዛታል፤ ባሏ እንደሞተበት ቀን ከጓዳ የልብስ ውሃ ሲንጠባጠብ ትሰማለች።

«ጣቢያ፣ አለሽ?»

ቁልፉን ትጫናለች።

«አለሁ» ትላለች። ትለቀዋለች። ደግማ መብራቷን ታያለች።