ልጄን ለየትኛው ባሕር ልስጥ

ልጄ የዓመት እረፍት ወስዳ ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ ፍራሹን ፀሐይ አሙቄ፣ ቆጮውን አዘጋጅቼ፣ እስኪበቃኝ ላያት ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን እንኳ በቅጡ ሳታስቀምጥ ስልኳን አወጣችና «እማ፣ ነይ እስኪ እንምረጥ» አለችኝ። ጨርቅ መሰለኝ። የመጋረጃ ጨርቅ።

ለካ ባሕር ነው። የምትገባበትን ባሕር ምረጪልኝ ነው የምትለኝ።

«ልትሰምጪ ነው?» አልኳት።

«አልሰምጥም እማ፣ ጠልቄ ነው የምዋኘው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የሰመጠ አይወጣማ!» ብላ ሳቀች። በእናቷ ፊት!

ነገሩ የጀመረው ዓምና ነው። ልጄ ቡና ቀማሽ ናት፤ ከአሪቻ፣ ከፍስሐ ገነት የሚመጣውን ቡና አንድ ላኪ ድርጅት ውስጥ በማንኪያ ፉት እያለች ደረጃ ታወጣለች። ድርጅቱ ለሥልጠና ኬንያ ላካት። ሥልጠናው ሲያልቅ ጓደኞቿ ባሕር ዳርቻ ወሰዷት፤ እዚያ ጥቂት ቀን ተምራ የጠላቂነት መታወቂያ ይዛ ተመለሰች። እኔ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ብትነግረኝ እንደማልፈቅድ ስለምታውቅ ነው የደበቀችኝ። ይህ ራሱን የቻለ በደል ነው።

ጀርባዋ ላይ የምታዝለውን ብረት በፎቶ አሳየችኝ። አየር የታመቀበት ሲሊንደር ነው። እኛ ሰፈር የማብሰያውን ሲሊንደር እንኳ ይፈነዳል ብለን ከቤት ውጭ ነው የምናስቀምጠው። እሷ አዝላው ዓሣ መሃል ትገባለች! ያንን ጀርባ ቅቤ እየቀባሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ባሕር በዓይኔ አላየሁም። የማውቀው ውኃ የለገዳራ ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ያስፈራል። የባሕርን ስም የምሰማው ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። ከገደብ ከተማ በኩል ስንቱ ልጅ እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ ባሕር ላይ ቀርቷል። እናቱ አስከሬኑን እንኳ ሳታይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ አልቅሳለች። እነዚያ ልጆች ውኃው ውስጥ እንዳይወድቁ ፈጣሪን ሲለምኑ ነው የቀሩት። የኔዋ ግን ከደመወዟ አጠራቅማ፣ ከፍላ ትገባለች። ይህ ለማን ይነገራል? አፍሬ ለጎረቤት እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ያሳየችኝ ሦስት ቦታ ነው፤ ግብፅ፣ ዛንዚባር፣ ጅቡቲ። አንዱ ጋ ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ነው አለች። አንዱ ጋ ውኃው ይሞቃል፣ ወጪውም ይቀላል። ልቧ ያለው ግን ጅቡቲ ላይ ነው፤ እዚያ ወቅቱን ጠብቆ አውቶቡስ የሚያክል ሻርክ የሚባል ዓሣ ይመጣል፣ ሰውም ከጎኑ ይዋኛል።

«ጥርሱስ?» አልኳት።

«ትንንሽ ነው እማ። ሰው አይነካም።»

«ለክተሽው ነው?»

ታናሽ ወንድሜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይንፈቀፈቃል። የሃይስኩል መምህር ነው፣ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ስለዚህ እኔ የምናገረው ሁሉ ያስቀዋል። «እትዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? ፈረንጁ ቡና ላይ ፎቶ ሊነሳ እዚህ ድረስ ይመጣ የለ? እሷም ዓሣ ላይ ልትነሳ ነው።»

«አንተ ዝም በል! ቡና ሰው አይውጥም።»

እንደማልመርጥም እንደማልመርቅም ቁርጡን ነገርኳት። በኛ ቤት ልጅ ከአገር ሲወጣ እናት እጁን ይዛ እንትፍ እንትፍ ብላ ትመርቀዋለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መርቄያታለሁ፤ ሥራ ስትቀጠርም፣ ኬንያ ስትሄድም መርቄያታለሁ። ያኔ የመረቅሁት ለሥልጠና መስሎኝ ነው! ለዚህኛው ግን ምራቄ ደረቀ።

እሷም አኮረፈች። ከዚያ አንድ ቀን አቮካዶ አብረን ስንለቅም፣ ቀና ሳትል «እማ፣ ሳትመርቂኝ ብሄድ እፈራለሁ» አለችኝ። «ውኃ ውስጥ የፈራ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አየሩን ቶሎ ይጨርሳል።»

ደሜ ፈላ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ካልመረቅሁ በኔ ምክንያት ልትሞት ነው፣ ከመረቅሁ ደግሞ ወደ ውኃው የገፋኋት እኔ ነኝ። እሷ ለምታመጣው ጣጣ በሁለቱም በኩል ተጠያቂዋ እኔ! አቮካዶውን ቅርጫት ውስጥ ወርውሬ «ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምትገቢው?» አልኳት።

«ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነን ነው። ፊት የሚመራን ሰውም አለ።»

«ማነው ሰውየው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ስደርስ የሚመደብልኝ ነዋ።»

ዓሣውን በስም ታውቀዋለች፣ ነፍሷን የምትሰጠውን ሰው አታውቀውም! እኛ ከገደብ መናኸሪያ ልጅ ለብቻው ወደ ዲላ ስንልክ፣ ከጎኑ ለተቀመጠች ለማናውቃት ሴት «አደራ ልጄን» እንላለን። ሴትየዋም «አይዞሽ» ትላለች፣ እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን አትነቅልበትም። ለአውቶቡስ እንዲህ የምናደርግ ሰዎች ለባሕር ዝም ብለን ልንለቅ ነው?

«ለሦስቱም ቦታ ደውዪ» አልኳት። «ለሚያስገባሽ ሰው አደራ ሳልል አልመርቅም።»

«እማ፣ ይስቁብናል!»

«ይሳቁ።»

ማታ ወንድሜም ባለበት፣ ፊት እያሳየ በሚያነጋግረው ስልክ ደወለች። የመጀመሪያው፣ የግብፁ፣ ወጣት ነው፤ ጀልባውን እያዞረ አሳየን። ልጄ አደራዬን እያፈረች በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ መልሱን ተረጎመችልኝ። «ችግር የለም፣ ስትመጣ ትፈርማለች፤ ኃላፊነቱ የራሷ ነው» አለ። የራሷ! ቡና የጫነ ሾፌር እንኳ አንድ ጆንያ ቢጎድል ይጠየቃል። ሰው ይዞ ውኃ ውስጥ የሚገባ አይጠየቅም? «ዝጊው!» አልኳት። ሁለተኛው፣ የጅቡቲው፣ ደግሞ አደራውን ሰምቶ ሳይጨርስ ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት ብሎ ጠየቀ። እሱንም አዘጋኋት።

ሦስተኛው የዛንዚባሩ ነው። ጢሙ የሸበተ ሰው፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አደራውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «እናትየዋ ስለ ልጅቷ እንዳውቅ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለ።

«አለ!» አልኩ። «ይህች ልጅ ሲያማት አትናገርም። ትንሽ ሆና ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ዋለ፤ እኔ ያወቅሁት እራት ላይ በግራ እጇ ስትጎርስ አይቼ ነው። ደህና ነኝ ብትልህ እንዳታምናት።»

«ይህን አልተረጉምም!» አለች ልጄ።

«ተርጉሚ!»

«እማ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ!»

ወንድሜ ከሶፋው ተነስቶ ስልኩን ተቀበላትና እሱ ተረጎመው። ያን ጊዜ አልሳቀም። ሽማግሌውም ራሱን ነቀነቀ፤ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እንደ ቀለበት ገጥሞ አሳየኝ። ከውኃ በታች መነጋገር ስለማይቻል ደህና ነኝ የሚባለው በዚህ ነው አለ። «እሷን ሁለት ጊዜ እጠይቃታለሁ። በሁለተኛው ጣቷን ሳይሆን ዓይኗን አያለሁ።»

«ይኼኛው» አልኩ።

ልጄ ተቆጣች። ዛንዚባር እሷ በምትሄድበት ወር ውኃው ትንሽ ይደፈርሳል፣ ያ ትልቁ ሻርክም የለም አለች። «ሰው ባሕር የሚመርጠው በውኃው ነው፤ አንቺ በሽማግሌ ትመርጫለሽ!»

«አዎ። ውኃው አያወጣሽም።»

መረቅኋት። ንዴቴ ሳይበርድልኝ፣ እጇን ጭምድድ አድርጌ ይዤ መረቅኋት። ሌላ ጊዜ ወጥተሽ ግቢ ነበር የምላት፤ አሁን ግን ገብተሽ ውጪ አልኳት።

የምትገባ ዕለት ገበያ አልወጣሁም። ግቢውን ጠርጌ ስጨርስ እንደገና ጠረግሁት። ስልኩን ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣ የማያውቀኝን ውኃ ስሳደብ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እማ! ይኼ ሽማግሌሽ ጉድ አደረገኝ!»

ድምፅዋን ስሰማ ደጃፉ ላይ ዘፍ አልኩ። እሷ እቴ፣ ምኑን አውቃው፣ ትጮኽብኛለች። ገና መውረድ ስትጀምር ጆሮዋን ወግቷታል። ትንሽ ነው፣ ያልፋል ብላ በጣቷ ደህና ነኝ አለችው። እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና ደህና ነኝ አለችው። ክንዷን ያዘና ቀስ አድርጎ ይዟት ወጣ። ሌሎቹ ዔሊ ሲያዩ እሷ ጀልባ ላይ ፎጣ ለብሳ ቁጭ!

«ሙሉውን ከፍዬ እኮ ነው እማ!»

«እሰይ! ጆሮሽ ደማ?»

«ምንም አልሆንኩም። ለሚመጣው ዓመት ጅቡቲ ነው የምሄደው፤ ለማንም አደራ እንዳትይብኝ!»

ስልኩን ዘጋሁባት። ቁጭ ባልኩበት ትንሽ ቆየሁና መልሼ ደወልኩ፤ ጆሮዋን ሐኪም ማየት አለማየቱን ሳትነግረኝ ነው የዘጋሁት።