የሐሙስ ጾመኞች

ሾላ ገበያ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ሐሙስ የስኳር ሕመምተኞች ቀን ነበር። ክፍላችን ጠባብ ስለነበረች ታካሚዎች የሚጠብቁት ውጭ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር በተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮህና መደማመጥ አይቻልም። ያኔ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጉ በምልክት ብቻ አስተምራለሁ፤ ሆዴን በልብሴ ላይ ቆንጠጥ አድርጌ ይዤ፣ በባዶ እጄ ወግቼ፣ መርፌውን ቶሎ እንዳያወጡት ጣቴን እያወዛወዝኩ። ሰዉ እየሳቀ ይከተለኛል። አሁን ጥላው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ተራ የሚጠራውም ስክሪን ነው። ንጹሕ ነው፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ያንን አግዳሚ ነው።

ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ያስተማሩ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ቁጡ ሰው። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሁለተኛው ሾላ ውስጥ ጫማ የሚሸጡ፣ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሀጂ እንላቸዋለን። የእሳቸው መድኃኒት ኪኒን ነው።

የተዋወቁት እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሀጂ የመምህሩን ሾጣጣ ጫማ አዩና፣

"ይሄ እግርዎን ያቆስልብዎታል፤ ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ጠባብ ጫማ አያደርግም" አሏቸው።

"ማን ጠየቀዎት?" አሉ መምህሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሀጂ ሰፊና ለስላሳ ጥቁር ጫማ በፌስታል ይዘው መጡ። መምህሩ ብዙ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ አጎንብሰው የራሳቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀድሞ የመጣው ለሌላው ቦታ ይይዝለታል።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው የዋሉበት ዓመት ነበር። ገና ጾሙ ሳይገባ ሁሉንም ሰብስቤ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ሳይቀምስ መዋል እንደሌለበት፣ ኪኒን የሚወስድም ቢሆን ከሐኪሙ ሳይነጋገር እንዳይጾም ነገርኳቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መምህሩም ነቀነቁ፣ ሀጂም ነቀነቁ።

ከዚያ በአንዱ ሐሙስ የአንዲት ታካሚ የእግር ቁስል እያጠብኩ ሳለ ሀጂ ከውጭ ተጣሩ።

"ሲስተር! ሲስተር ቶሎ ነይ!"

መምህሩ በላብ ተጠምቀዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ፈጦ እኛን አያይም። ጣታቸውን ወጋ አድርጌ ስለካ ስኳራቸው በጣም ወርዷል። ባልደረባዬ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች፤ እኔ ውኃ ውስጥ ስኳር በጥብጬ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። እጄን ገፉት።

"ሰዓቱ ገና ነው" አሉ በተኮላተፈ አንደበት።

"ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት ነው። እባክዎ ይጠጡ።"

"ጸጥታ!"

አግዳሚው ሁሉ ጸጥ አለ። ስኳራቸው መውረዱ አእምሯቸውን አደናግሮት ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ መስሏቸዋል። ጣታቸውን ወደ ሀጂ ቀሰሩ።

"አንተ! ከኋላ የምታወራው! ተነስ!"

ሀጂ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ቆባቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ተነስቻለሁ፣ መምህር።"

"የዓባይን ገባሮች ንገረን።"

"እናገራለሁ። ግን ጉሮሮዎ ደርቋል፣ መጀመሪያ ይጠጡልኝ።"

መምህሩ በጥርጣሬ ተመለከቷቸው። "አንተስ ትጠጣለህ?"

"እጠጣለሁ።"

ሀጂ ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው ተጎነጩና አቀበሏቸው። እሳቸውም ጾመው እንደመጡ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መምህሩ እኔ ደግፌያቸው ቀስ እያሉ ጠጡ። ሀጂ እንደቆሙ "ጀማ፣ ሙገር…" ብለው ጀመሩና ጠፋባቸው። ከኋላቸው የተቀመጠች ሴት "ጉደር" ብላ ሹክ አለቻቸው። "ጉደር" አሉ ሀጂ ጮክ ብለው። ሌላው ታካሚ ዳቡስን አቀበላቸው። ሰው ሁሉ መምህሩን ያያል።

ጥቂት ቆይቶ ላባቸው መድረቅ ጀመረ። ብርጭቆውን ራሳቸው ያዙት።

"ዴዴሳስ?" አሉ በደከመ ድምፅ። ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት መጣ። "ሀጂ፣ ምነው ቆሙ? ምን ሆነው ነው?"

ሀጂን እንደ ወትሮው አንቱ ብለው ሲያናግሯቸው ስሰማ አእምሯቸው እንደተመለሰ ገባኝ፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ሐኪሙ መጥቶ አያቸው። ዳቦ አብልተን፣ ደጋግመን እየለካን፣ እስኪረጋጉ ድረስ አቆየናቸው። ሲሻላቸው ተቆጣኋቸው።

"ኢንሱሊን ወግተው ሳይበሉ እንዴት ይወጣሉ?"

"ቅዳሴ ሲያልቅ እበላለሁ ብዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም፣ ልጄ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሀጂን ስለካቸው የእሳቸውም ስኳር መውረድ ጀምሯል። መቆጣት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አቃተኝ።

"ለታመመ እንደተፈቀደ አላጣሁትም" አሉኝ። "ሰው ሁሉ ጾሞ እኔ ብቻዬን መብላቱ ነው የከበደኝ።"

በሳምንቱ መምህሩ የንስሐ አባታቸውን ይዘው መጡ። ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ቀጭን ቄስ ናቸው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ፤ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው፣

"ልጄ፣ ጠዋት መብላትህን እኔ አዝዣለሁ። የጾም ምግብ ትበላለህ፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወጋለህ። የቀረውን በጸሎት ትሞላዋለህ" አሏቸው። መምህሩ ተነስተው መስቀል ተሳለሙ።

ሀጂም ሼኻቸውን ጠይቀው ላልጾሙበት ቀን ሁሉ ችግረኛ እንዲያበሉ ተነገራቸው። ያ ጾም እስኪያልቅ ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱ ከአንድ ምሳ ዕቃ የሽሮ ፍርፍር ይበሉ ነበር። ሀጂን ሲበሉ በሚያውቃቸው የገበያ ሰው መታየት ያሳፍራቸዋል። መምህሩ ይህን ስላወቁ በመንገዱ በኩል ይቀመጡና፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ዘርጋ አድርገው ይከልሏቸዋል።

በኋላ መምህሩ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ከደረሳት ልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ሌላ ጤና ጣቢያ ቢቀርባቸውም ሁለት ታክሲ ቀይረው እኛ ጋ ይመጡ ነበር። ኩላሊታቸው እየደከመ ሲሄድ መምጣቱ ቀረ። ሀጂ ሱቃቸውን ዘግተው ሊጠይቋቸው ይሄዱና "ዛሬ ትንሽ በልቷል" ወይም "ዛሬ አላናገረኝም" ብለው ይነግሩኛል። ከጊዜ በኋላ "አንተ" መባባላቸውን ያወቅሁት ከዚህ ነው።

ያረፉት ክረምት ላይ ነው። ከሀጂ ጋር ለቅሶ ሄድን፤ ድንኳኑ ከሕንፃዎቹ መካከል ጭቃ ላይ ተተክሎ ነበር። ሀጂ ከእንግዳው ጋር አልተቀመጡም፤ በር ላይ ከቤተሰቡ ጎን ቆመው ለቀስተኛ ይቀበላሉ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው "እርስዎ የመምህር ምናቸው ነዎት?" አሏቸው።

"የስኳር ጓደኛው ነኝ" አሉ ሀጂ።

ስንመለስ ታክሲው ሲኤምሲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆመ። ሀጂ በመስኮት ዝናቡን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ለምን ያን ሁሉ መንገድ እየተንገላታ እናንተ ጋ ይመጣ እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"በእርስዎ ምክንያት ነዋ" አልኳቸው።

"እኔንማ ቤቱም ያገኘኛል። ጠይቄው ነበር። 'ሲስተር ምን በሉ፣ ስንት ሰዓት በሉ፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው ትለኛለች' አለኝ። 'ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም' አለኝ።"

ያንን ሁሉንም ሰው ነበር የምጠይቀው፤ አንዳንዴም ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ ካርዳቸው ላይ እየጻፍኩ።  ሾላ ስንደርስ ሀጂ ወረዱና ዝናቡ ውስጥ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።