ዓመቱን የሚረሳ ኮምፒውተር

ከዚህ በፊት ለፈተና ካልሆነ በቀር ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት ማውራት ስለሚያሳፍረኝ መጻፉ ሳይሻለኝ አይቀርም ብዬ ነው የጀመርኩት። የምጽፈው ስለ አክስቴ ቤትና እዚያ ስለነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ጎንደር፣ ማራኪ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። ባሏን አያ እላቸው ነበር። አንዲት ልጃቸው አግብታ አዳማ ስትሄድ ቤቱ ጭር አለባቸውና እኔን ከገጠር፣ ከኮሶዬ አስመጡኝ። ሥራው ቀላል ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉኝ ለሥራ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የሰው ኮቴ እንዲሰሙ ይመስለኛል።

ኮምፒውተሩ የልጃቸው ነበር። ትታው ስለሄደች አያ ሳሎኑ ጥግ አስቀምጠው መዝሙር ይሰሙበት፣ የሰርጓን ፎቶ ያዩበት ነበር። አንድ አመል ግን ነበረው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሲከፈት ጲጵ ይልና ጥቁሩ መስታወት ላይ በነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ጽሑፍ ያወጣል። ቀንና ሰዓት ጠፍቶብኛል ማለቱ ነው። አያ አንዲት ቁልፍ ተጭነው ያልፉታል። ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያዩ፣ መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት እያሉ በአንድ ጣት ቀኑንና ወሩን ይሞላሉ። ዓመተ ምሕረቱን የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጽፈውም ትንሽ ራቅ ብለው ያዩታል። ያቺ ጲጵ የምትል ድምፅ ዛሬም ትናፍቀኛለች። መብራት መጣ፣ አያ ሳሎን ናቸው ማለት ነበረች።

እንዲህ እያልን ስንኖር ልጃቸው ወንድ ልጅ ወለደች። ለአክስቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። አራሷን እንዳትጠይቅ ጉልበቷ አብጧል፣ መንገዱም አስተማማኝ አልነበረም። ይህን ችላው ነበር። ክርስትናው ሲቃረብ ግን የምትበላው አልዋጥ አላት። የልጅ ልጄ ክርስትና ሲነሣ ያልቆምኩ ምኑን አያት ሆንኩ እያለች ታለቅስ ነበር።

መላ ያመጣችው ልጅቱ ናት። ያኔ ጎንደር የስልክ ኢንተርኔት አይሠራም፤ በቤት መስመር የሚገባው ግን ይሠራል። መስመር ካስገባችሁ ክርስትናውን ከቤተ ክርስቲያኑ በቀጥታ በኮምፒውተሩ አሳያችኋለሁ አለች። አያ ውለው ሳያድሩ መስመሩን አስገቡ።

የመጀመሪያ ቀን ስንሞክረው ገጹ አልከፈት አለ። በፈንታው ቀይ ምልክት ያለው ጽሑፍ መጣ። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩላቸው፤ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ነበር። አጥፍተን አበራነው። ገመዱን ነቅለን ሰካነው። አያ አቧራውን በጨርቅ ጠረጉ፤ አክስቴ ደግሞ ጸበል ልርጨው ወይ ብላ ጠየቀች። ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጃቸው ደውላ ሰዓቱን እስቲ ተመልከቱት ስትል አያ ቅር ተሰኙ። ዛሬም ከቀን መቁጠሪያው ጋር እንዳስተያዩት፣ አንዲት ቀን እንኳ እንዳልተዛነፈ ነገሯት። እሷም አባቷን ስለምታምን ሌላ ምክንያት ፍለጋ ገባች።

በነጋታው ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለን በባጃጅ ወደ ጠጋኝ ወሰድነው። እኔ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ጠጋኙ ሰክቶት ቀኑን ሞላለት፤ የመጣው ገጽ ሁሉ ሳይንገራገር ተከፈተ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ስለሞተች ቀን እንደሚረሳ፣ ባትሪዋ ለጊዜው እንደሌለችው፣ እስክትገኝ ድረስ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን እየሞላን እንድንጠቀም ነገረን። አያ እዚያ ምንም አላሉም። በመንገድ ላይ ግን እየሳቁ፣ ያ ልጅ እጁ ሸጋ ነው፣ ቀንና ወሩን ግን አዛብቶታል፣ ዓመተ ምሕረቱንም ስምንት ዓመት ያህል አሳስቶታል፣ ሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ነው አሉኝ። ቤት ገብተን ሲሰካ እንደ ልማዱ ረስቶ ነበርና አያ ትክክለኛውን ሞሉ። ቀዩ ጽሑፍም ተመልሶ መጣ።

የክርስትናው ዕለት ጎህ ሲቀድ ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ነበርን። ልጅቱ ደውላ ቤተ ክርስቲያን ልንገባ ነው አለችን። ቀዩ ጽሑፍ እንደተገተረ ነው። አያ ቀኑም ልክ ነው፣ ወሩም ልክ ነው፣ ዓመቱም ልክ ነው እያሉ ግድግዳውን ለምስክርነት ይጠሩ ጀመር። አክስቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምነው አንተ ሰው፣ ይኸ ዕቃ የማን አገር ነው?»

«የፈረንጅ ነዋ።»

«ታዲያ ከመቼ ወዲህ ነው የኛን ጾም የጾመው? ፈረንጅ ከሆነ በፈረንጅ ቁጠርለት።»

ልትወጋቸው ብላ ነው እንጂ መፍትሔ አገኘሁ ብላ አልነበረም። አያ ግን ቀጥ አሉ። ጠጋኙ የጻፈው ዓመት ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁት።

«በገዛ ቤቴ የሰው ዘመን ልጻፍ?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ለልጅህ ልጅ ስትል ጻፍ። እግዜር እንደሆነ ኮምፒውተር አይመረምርም።»

አያ ወንበሩን ለቀው ተነሡና ዓይኔ ደክሞኛል፣ አንቺ ጻፊው አሉኝ። ዓይናቸው እንዳልደከመ አውቅ ነበር። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ቁልፎቹን አቧራ ለመጥረግ ካልሆነ ነክቻቸው አላውቅም። በአንድ ጣት ከቀን መቁጠሪያው ጥግ በትንሹ የታተመውን የፈረንጅ ቀን ገለበጥኩ። ገጹ ተከፈተ።

ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ የሰው እግር፣ ከዚያ ቄሱና ውኃው ታዩ። አክስቴ በዚያ ጉልበቷ ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች። ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋን መስቀለኛ ለበሰች። አያን ዞር ብላ አየቻቸውና እሳቸውም ሳይናገሩ ጫማቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅሁ። ሲሚንቶው እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ሕፃኑ ከውኃው ሲወጣ ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ ለቅሶው ግን ይሰማን ነበር። አክስቴ እልል ስትል የግቢው ተከራዮች ወጥተው ምን ተገኘ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዓመቱን የምሞላው እኔ ሆንኩ። እኔ ስጽፍ አያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር።

አሁን እናቴ ስለታመመች ኮሶዬ ተመልሻለሁ፤ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት እሠራለሁ። አክስቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በክረምት ነው። ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ስለ ልጁ አወራችኝ፤ መራመድ ጀምሯል፣ ገና ግን ጎንደር አላመጡትም። ልሄድ ስነሣ እጄን ያዘችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«አድጎ የመጣ እንደሆነ፣ አያትህ ክርስትናህ ላይ ነበረች በዪው። በኮምፒውተር አየችህ እንዳትዪው። ነበርኩ እኮ።»