«ጭንቅላቴ ውስጥ አለ»

ቶሩን ስትናደድ ድምፅዋን አታሰማም ይላሉ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ። ውሸታቸውን ነው! ትጮኻለች። የማይሰሟት እነሱ ናቸው እንጂ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሥራዋ አንድ ነው፤ ተመራማሪው የሰበሰበውን መረጃ፣ እሱ ባይኖርም ሌላ ሰው አንብቦ እንዲረዳው ማድረግ። «ጨቅጫቂዋ መጣች» እያሉ ሲቀልዱባት አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ከቀልደኞቹ ዋናው ኢንግቫልድ ነበር።

ፕሮፌሰር ኢንግቫልድ አንድ ወንዝ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ቆጥሯል፤ አንድም ዓመት አላጓደለም፤ ይህን ማንም አይነፍገውም። ሰንጠረዡ ግን ሃያ ሦስት ዓምድ ነው፤ አናታቸው ላይ «ኬ1»፣ «ኬ2»፣ «ቪ» የመሳሰለ ብቻ ተጽፏል። ፍቺውን የሚያውቀው እሱ ብቻ።

«ኢንግቫልድ፣ አንድ ገጽ ብቻ ጻፍልኝ።»

«ጭንቅላቴ ውስጥ አለ አልኩሽ እኮ!» ይላታል፣ ግንባሩን በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

«ጭንቅላትህን መደርደሪያ ላይ አላስቀምጠው!»

«በይ ዋፍልሽን ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

በየዓርቡ ከቡና ጋር የሚቀርበውን ዋፍል፣ ያንን ጣፋጭ ቂጣ፣ የሚበላው ሁሉ ይስቃል። እሷም ደሟ እየፈላ ትስቃለች። አንዴ የመረጃ አያያዝ ቅጹን በግድ አስሞላችው። «መረጃው የት ይቀመጣል?» ለሚለው ጥያቄ «ቶሩን ታውቃለች» ብሎ መለሰላት። ምኑን ነው የምታውቀው!

በጥር ኢንግቫልድ ከመኪናው ላይ በረዶ ሲጠርግ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። ነፍሱ ተረፈች።

በሚያዝያ፣ የወንዙን ቆጠራ ከእሱ የተረከበችው ሲሰል እየሮጠች መጣች። «ቶሩን፣ ወንዙ አፍ ላይ የሳልሞን እርባታ ሊተክሉ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ በአሥር ቀን ውስጥ ይወስናል። የዱሩ ዓሣ እያለቀ መሆኑን የሚያሳየው የኢንግቫልድ ቁጥር ብቻ ነው። የቱ ዓምድ የዱሩ፣ የቱ ከእርባታ ያመለጠው እንደሆነ ካልነገርናቸው አይቀበሉንም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ስለፈልፍ የት ነበራችሁ?»

«አውቃለሁ፣ ግን...»

«ምንም አታውቂም! አንቺም ስትስቂ ነበር!»

ቶሩን ሰንጠረዡን አትማ፣ አውቶቡስ ይዛ፣ ኢንግቫልድ ወዳለበት መጦሪያ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምታወርድበትን ስድብ ስታዘጋጅ ነበር።

ሲያያት ፊቱ በራ። ስድቡ ጠፋባት። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋችለት።

«ኬ1 የዱሩ ነው?»

«አዎ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

ተመስገን! ቶሎ ብላ ጻፈች። «ኬ2 ያመለጠው?»

«አዎ።»

«ቪ ክብደቱ ነው?»

«አዎ።»

ስምንተኛው ዓምድ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ኢንግቫልድ፣ ኬ1 ያመለጠው ነው?»

«አዎ።»

«ኬ1 የእናትህ የጫማ ቁጥር ነው?»

«አዎ» አለና እንባው ወረደ። አፉ ላይ የቀረችው ቃል «አዎ» ብቻ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች፤ አስታማሚዋ ደንግጣ ብቅ አለች። «አንድ ገጽ እኮ ነው! አንድ ገጽ ብቻ ነበር የለመንኩህ!»

ኢንግቫልድ ያልሰለለውን እጁን አነሣ። ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

በማግስቱ ቶሩን ለኮሚቴው በሚላከው ቅጽ ላይ፣ ከየዓምዱ ትይዩ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። ሃያ ሦስት ጊዜ፣ በገዛ እጇ።