በእኔ አፍ የተነበበ ወረቀት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሽፍታ አብልተሃል ብለው ከማሳዬ ወስደው ንፋስ መውጫ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ማብላቱንስ አብልቻለሁ፤ እኛ ዘንድ እንግዳ ማንነቱ ተጠይቆ አይበላም። መጋዘኑ መስኮት የለውም። በቆርቆሮው ቀዳዳ በምትገባ ብርሃን ነው የምንተያየው። የአይጥና የሻገተ ገብስ ሽታ ነበረው።

ሠላሳ ያህል እንሆናለን። ከዚያ ሁሉ እስረኛ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ነው። ካድሬው በየሰኞው በማባዣ የተባዛ ወረቀት ያመጣና "አንብብላቸው" ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የእስረኛው አለቃ፣ ካቦ የምንላቸው ሽማግሌ ገበሬ፣ "የኛ ሊቅ" እያሉ ያሾፉብኛል። እሱም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ አመጡ። ሁለት ጉንጩ ተቦጫጭሮ ቅርፊት ይዟል። ስድስት ስድስት ሆነን ነበር የምንበላው፤ ከኛ ገበታ ተቀመጠ። ጋቢዬ መቀደዱን አይቶ፣ ከጠርዙ ክር መዝዞ በእሾህ ሰፋልኝ።

ሰኞ ወረቀቱ መጣ። የአርብ ገበያው ልብስ ሰፊ ከወንድ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር የቆየ ነው፤ ከኢምፔሪያሊስቶች የተጋባ በሽታ አለበት፤ ከቢጤዎቹ ጋር በስካር ሲቧጨር ተያዘ ይላል። ጮክ ብዬ፣ አንድ ፊደል ሳልዘል አነበብኩት።

እኔ ያደግሁት ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ጽሑፍ ብራና ላይ ያለው፣ ሰው ቆሞ የሚሰማው ብቻ ነበር። የተጻፈ ነገር ይዋሻል የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልመጣብኝም።

ምሳ ሲደርስ ካቦው የልብስ ሰፊውን እንጀራ በቆርቆሮ ክዳን ለብቻው ሰጡት።

"ምነው አባቴ?" አለ።

"ሰምተሃል። ነገርህን ወረቀቱ ተናገረው።"

"የለበሱት ሱሪ የኔ ስፌት ነው እኮ።"

ካቦው ዝቅ ብለው ሱሪያቸውን አዩና "ታጥቧል" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ለብቻው በላ። ዓርብ ዕለት ባልዲውን የመድፋት ተራ ለሁለታችን ደረሰ። ሜዳው ላይ ጠየቅሁት።

"እውነት ነው ወይ?"

"አብሮኝ የሚኖር ሰው ነበረኝ። ዘጠኝ ዓመት። አሞት ሞተ።" ጉንጩን ነካ አደረገ። "ቀብሩ ላይ ፊቴን ነጨሁ። ነገሬን ሰው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።"

በኛ አገር ፊቷን የምትነጭ ሴት ናት። እናቴ ለአባቴ ስትነጭ አይቻለሁ፤ ቅርፊቱ ልክ እንደዚያ ነበረ። የሐዘን ቁስሉን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ የስካር ነው ብዬ አነበብኩበት።

"ወረቀቱን የጻፉት ጠይቀውህ ነበር?"

"ማን ይጠይቃል?" አለና ባልዲውን አነሳ።

ሰኞ ሌላ ወረቀት መጣ። ልብስ ሰፊው ጥፋቱን አምኖ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ ይላል። ሰውየው እዚያው ጥግ ተቀምጧል፤ በሳምንቱ ውስጥ ጠርቶ ያነጋገረው የለም። ወረቀቱን አጥፌ ለካድሬው መለስኩለት።

"ማንበብ ጠፍቶብኛል፣ ጓድ።"

"ባለፈው ሰኞ ስታነብ አልነበረም እንዴ?"

"ያንንም ሳላውቀው ነው ያነበብኩት።"

በጥፊ አለኝ። ባልዲውም እስክፈታ ድረስ የኔ ሥራ ሆነ። ወረቀቱን ራሱ አነበበው፤ በእኔ አፍ ግን አልተነበበም።

ምሳ ሲደርስ የእጅ ውኃውን ይዤ ወደ ጥጉ ሄድኩ። አስታጠብኩት፤ ከክዳኑም አብሬው ቆረስኩ።

"ሊቁ፣ ይጋባብሃል!" አሉ ካቦው።

"ይጋባብኝ።"

ልብስ ሰፊው ወጥ ያለበትን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። በዚያው ሳምንት ወደ ጎንደር ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።

ዛሬ ልጄ ቤት ቴሌቪዥን አለ። አንዳንድ ቀን እንደ ልብስ ሰፊው ስላሉ ሰዎች ይወራል። ኢምፔሪያሊስት የሚለው ቃል ቀርቷል፤ በሽታ የሚለው አልቀረም። የሚናገረው ይታያል፤ የሚነገርበት ሰው አይታይም። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ነገሩ ብዙ አላውቅም። ልጄን ግን እጠይቃታለሁ።

"ሰዎቹን ጠይቀዋቸዋል?"

"አልጠየቋቸውም፣ አባባ።"

"እንግዲያስ ዝጊው" እላታለሁ።