ከምሳ በኋላ እጠይቅሃለሁ

ማክሰኞ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው ከታሰርንበት ክፍል ተጠርቶ ወጣ። ቦታው ቢቸና ነው። ከእኛ ጋር የቆየው ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። ስሙን አላውቅም።

ለእኔ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ስገባ ወስደውብኛል። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስላል፤ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የጤፍ ፍሬ እናገኝ ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ሥር ባለች አንዲት ቀዳዳ ነው።

በሁለተኛው ቀን ለራሴ ሥራ ሰጠሁ። ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገር ይወሰዳል፤ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ሲመጣ «እዚህ የለም» ይባላል። ስለዚህ የሚገባውን ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና የገባበትን ቀን ጠይቄ በቃሌ እይዛለሁ። የሚፈታ ሰው ዝርዝሩን ከእኔ ተቀብሎ ለቤተሰብ ያደርሳል።

አያያዙን ያስተማሩኝ ከጎኔ የሚተኙት የቅኔ መምህር ናቸው። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን።

«ተማሪ የትናንቱን በቃሉ ሳይወጣ የዛሬውን አይቀበልም» አሉኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከመጀመሪያው ስም ጀምሬ በቃሌ እወጣላቸዋለሁ። አንድ ከሳትሁ እንደገና ከላይ ያስጀምሩኛል።

እስር ቤት ሥራ ይበዛል ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ያን ማክሰኞ ግን በዝቶብኝ ነበር። ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ክፍሉን እንድናጸዳ ታዘዝን፤ የክፍሉ ተጠሪ ደግሞ እኔ ነኝ። የውኃ ተራው የእኛ ነበር። ቃል ለመስጠትም ትጠራለህ ተብያለሁ። ትናንት በከተማው የተቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ገና ከልብሳችን አልወጣም።

ሦስት ሰዓት ገደማ ሰውየውን አስገቡት። ጥቂት ቆይቶ አጠገቤ መጣ።

«ጋሼ፣ ስም የሚይዙት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ከየት ነህ?»

«ከሞጣ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን ውኃ ላስገባ። ከምሳ በኋላ እጠይቅሃለሁ።»

«ግድ የለም። የት እሄድብዎታለሁ?»

ከጥግ በኩል አንዱ ቀልደኛ፣ «ከቸኮለ በሩን ክፈቱለት እንጂ!» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው መጥረጊያውን ከእጄ ወስዶ በበሩ በኩል ያለውን ይጠርግ ጀመር።

የዘበኛው ሬዲዮ የቀትር ዜና ሲጀምር ሁለተኛውን ጀሪካን ይዤ ስገባ ነበር።

«አንተ፣ ጠዋት የገባኸው! ውጣ!»

መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ ወጣ። በር ላይ ተላለፍን። ስምህ ማን ነው ለማለት ጊዜ ነበረኝ። እኔ የማስበው ውኃው እንዳይፈስ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ የኔታ እንደ ወትሮው፣ «የዛሬውስ?» አሉ።

«የዛሬውን አልያዝሁም፣ የኔታ። ሥራ በዝቶብኝ…»

«ሥራ ባልበዛበት ቀንማ ማንም ይማራል። በል፣ ከላይ ጀምር።»

አሥራ ስምንቱን ስም ወጣሁና አቆምሁ።

«ምነው አቆምህ?»

«አሥራ ዘጠነኛው ስም የለውም።»

«ስምማ አለው፤ ያልጠየቅኸው አንተ ነህ። ከሞጣ የመጣው በልና እለፍ።»

አልሁ። ከጥግ ያ ቀልደኛ አብሮኝ፣ «ከሞጣ የመጣው» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክፈታ ድረስ ዝርዝሩ እዚያ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ይለው ነበር። አሥራ ዘጠነኛውን ቦታ ለሌላ ሰው አልሰጠንም።

ስፈታ ሞጣ ሄድሁ። ሚኒባስ መናኸሪያው አካባቢ ጠያየቅሁ። ወሬው ተሰምቶ ሁለት ሰዎች ፈልገውኝ መጡ፤ ባሏ የጠፋባት ሴትና ወንድሙ የጠፋበት ነጋዴ። ሁለቱም ፎቶ አሳዩኝ። ደጋግሜ አየሁ። ሰውየው ሲያናግረኝ የማየው ጀሪካኑን ነበር እንጂ ፊቱን አልነበረም። አንዱም ሊሆን ይችላል፣ ሌላውም።

ሴትዮዋ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች፣ «እሱ ነው ቢሉኝ ምን ነበረ?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ እህቴ» አልኋት። በሥራዬ ያላረጋገጥሁትን ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

አሁንም በየማታው ከመተኛቴ በፊት የቀኑን ሥራ እንደ ዝርዝሩ ከላይ ጀምሬ በቃሌ እወጣለሁ። በጣም የሮጥሁበት ቀን ሲሆን ሁለት ጊዜ። ያን ሰው አያስገኘውም።

ለሁለቱም ቤተሰቦች የነገርኋቸው ያየሁትን ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ገባ። ከሞጣ ነኝ አለ። ክፍሉን ጠረገ። እኩለ ቀን ላይ ሲወስዱት በር ላይ ተላለፍን፤ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን በአንድ ወገን ያዘና የበሩን ደፍ አሻገረልኝ።